በሁለት ዳኛ ፊት፦ የቶማስ ኤሊሰን ሕይወትና የራግቢ ሕግ

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1889 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ጠርዝ ላይ ብላክሂዝ በሚባል ሰፈር የእንግሊዝ ብሔራዊ የራግቢ ቡድን ከኒውዚላንድ ከመጣ ቡድን ጋር ይጫወታል። በክሪኬትም በራግቢም ስሙ የገነነው እንግሊዛዊ አንድሩ ስቶዳርት ኳሷን ይዞ ሲሮጥ፣ ከኒውዚላንድ ቀደምት ሕዝብ ከማኦሪ የተወለደ፣ ገና ሃያዎቹን የጀመረ አንድ ወጣት ደርሶ ጨመደደው። ስቶዳርት ተፈናጥሮ አመለጠ፤ የቁምጣው ቁራጭ ግን ወጣቱ እጅ ላይ ቀረ። ስቶዳርት ጉዱን ሲያውቅ ኳሷን ጣላት፤ ተጫዋቾችም እንደ ወጉ ከበው ጋረዱት። ጨዋታው የቆመ መስሏቸዋል። በዚህ መሐል ፍራንክ ኤቨርሼድ የተባለው እንግሊዛዊ ኳሷን አንስቶ ሮጠና ከግቡ መስመር ወዲያ መሬት አስነካት። በራግቢ ይህ ትራይ ይባላል፤ ነጥብ ያስገኛል። እንግዶቹ ተቃወሙ። ዳኛው አጸደቀው።

ከእንግዶቹ መካከል አንዳንዶቹ ሜዳውን ጥለው ወጡ። ጨዋታው ቀጥሎ በእንግሊዝ 7 ለ 0 አሸናፊነት አለቀ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። ዳኛው ጆርጅ ሮውላንድ ሂል የእንግሊዝ ራግቢ ኅብረት ዋና ጸሐፊም ነበር፤ ኅብረቱም የተከፋውን ቡድን ይቅርታ እንዲጠይቅ አስገደደው። ቡድኑ ጠየቀ። አንድ ሰው በሜዳ ፈረደ፤ ፍርዱን የተቃወሙትን ደግሞ ያው ሰው በጸሐፊነት የሚያገለግለው ማኅበር ቀጣቸው። ይግባኝ የሚባልበት ሌላ ችሎት አልነበረም።

ስቶዳርትን የያዘው ወጣት ቶማስ ራንጊዋሂያ ኤሊሰን ነው፤ በማኦሪኛ ታማቲ ኤሪሃና። እንግሊዝኛ የፍርድ ቤቱን ሰውና የሜዳውን ሰው በሁለት የተለያዩ ቃላት ይጠራል። እኛ ሁለቱንም ዳኛ እንላለን። የኤሊሰንን ሕይወት ደጋግሜ ባየሁ ቁጥር የአማርኛው ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለዚህ ሰው የቀረበ ሆኖ ይታየኛል፤ ምክንያቱም ኤሊሰን ኋላ ጠበቃ ሆኗል፣ ዕድሜውንም በሁለቱ ዓይነት ዳኞች ፊት ቆሞ ጨርሷል። ስለ እርሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ሰውዬውን ለሁለት ይከፍለዋል። የስፖርት ጸሐፊዎች ስለ ኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን ጥቁር ማሊያ ሲያወሩ ያነሡታል። የሕግ ታሪክ የሚጽፉት ከመጀመሪያዎቹ የማኦሪ ጠበቆች አንዱ ብለው ያልፉታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ሳይገናኙ ይቀራሉ። የእኔ ንባብ ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ነው። ኤሊሰን በሜዳም በችሎትም ያነሣው ጥያቄ ያው ነበር፦ ሕጉን የጻፈው ማን ነው? የሚተረጉመውስ ማን ነው?

ጥያቄው ከትውልድ ቦታው ይጀምራል። ኤሊሰን በ1860ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ በኦታጎ ባሕር ሰላጤ አፍ ላይ ባለችው የኦታኮኡ መንደር ተወለደ። በእናቱ በኩል የዓሣ ነባሪ አዳኙ የኤድዋርድ ዌለር የልጅ ልጅ ነው፤ የዌለር ወንድማማቾች በ1831 በዚያው ጠረፍ የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጣቢያ የመሠረቱ ናቸው። አባቱ ራኒዬራ ኤሊሰን የወርቅ ሰው ነበር። በ1862 ሾቶቨር በተባለው ወንዝ ዳር ከጓደኛው ከሃካራያ ሃዬሮአ ጋር ሲጓዝ፣ ጎርፍ የወሰደባቸውን ውሻ ሊያወጡ ተሻግረው በአንድ ቀን 300 አውንስ ገደማ ወርቅ እንደሰበሰቡ ይተረካል። ቦታው እስከ ዛሬ ማኦሪ ፖይንት ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ ልጁ ያደገው ሁለት ዓለም በተጋባበት፣ ድህነትም ባልጠናበት ቤት ነው።

በዙሪያው ያለው መሬት ግን ከእጅ ወጥቶ ነበር። የኤሊሰን ወገን ንጋይ ታሁ የተባለው የማኦሪ ሕዝብ ነው። የኦታጎ መሬት በ1844 በ2,400 ፓውንድ ተሸጠ። በ1848 ደግሞ የኬምፕ ውል በተባለው ሰነድ 20 ሚሊዮን ኤከር ገደማ መሬት በ2,000 ፓውንድ ወደ እንግሊዝ ዘውድ ተላለፈ። ለሕዝቡ ሰፊ መሬት እንደሚከለልለት ተስፋ ተሰጥቶ ነበር፤ የተከለለው 6,359 ኤከር ሆነ። ርስት የሚለውን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ የዚህን ክብደት ማስረዳት አያሻኝም። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ፦ ንጋይ ታሁ መሬታቸውን ያጡት በጦርነት አይደለም፤ በወረቀት ነው። ሰነዱ የተጻፈው በአንዱ ወገን፣ የተተረጎመውም በዚያው ወገን ነበር። በዚያ መንደር ያደገ ልጅ ሕግን የሚማርበት ምክንያት ከደጁ ነበር።

ልጁ ትምህርቱን በመንደሩ ጀመረ፤ ቀጥሎ በነፃ ትምህርት ዕድል በሰሜናዊው ደሴት ወዳለው ወደ ቴ አውቴ ኮሌጅ ተላከ። ቴ አውቴ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የማኦሪ ወንዶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላ አፒራና ንጋታንና ማዊ ፖማሬን የመሰሉ ታላላቅ መሪዎች የወጡበት። ኤሊሰን ራግቢን በሚገባ የተማረው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ዌሊንግተን ሄደ፤ ፖኔኬ ለተባለው ክለብ ተጫወተ፣ ከ1885 ጀምሮም ለዌሊንግተን ክፍለ ሀገር ተሰለፈ።

ትልቁን ፈጠራውን ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ከፖኔኬ ጋር አያይዞ ይተርካል። ይህን ነገር ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ የሰውዬው አእምሮ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለምና። ስክረም ማለት የሁለቱ ቡድን ጉልበተኞች ጎንበስ ብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ መሐላቸው የገባችውን ኳስ በእግራቸው ወደ ኋላ ለማውጣት የሚገፋፉበት ትግል ነው። ኳሷ ስትወጣ የሚቀበላት ፈጣንና ቀለል ያለ ተጫዋች ሃፍባክ ይባላል። የኤሊሰን ዘመን ችግር ይህ ነበር፦ ኳሷ ገና ከመውጣቷ የተቃራኒ ቡድን ሰዎች ከስክረሙ ተፈትተው በዙሪያው ይዞሩና ሃፍባኩን ይደቁሱታል። ስምንት ሰው ታግሎ ያገኘው ኳስ በአንድ አፍታ ይባክናል።

ኤሊሰን ከስምንቱ አንዱን ከግፊያው አወጣው። ሰባቱ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆነው በሦስት ረድፍ ይገፋሉ፤ ከፊት ሁለት ብቻ ስላሉ ኳሷ ቶሎ ወደ ኋላ ትወርዳለች። ስምንተኛው ከስክረሙ ጎን ተጠግቶ ይቆምና በሃፍባኩና በባላጋራው መካከል አጥር ይሆናል። ዊንግ ፎርዋርድ ተባለ። የራግቢ ሕግ ከኳሷ ቀድሞ ቆሞ ባላጋራን ማገድ ይከለክላል። የስክረሙ አካል የሆነ ሰው ግን ቦታው እዚያው ነው። ታዲያ ጎኑን ይዞ የቆመው ሰው የስክረሙ አካል ነው ወይስ ባዕድ? ጥያቄው የጉልበት አይደለም፤ የቃል ትርጉም ነው። ኤሊሰን ሕጉን አልጣሰም፤ ሕጉ ዝም ያለበትን ቀዳዳ አግኝቶ ቆመበት። ጠበቃ የሚባለው ሰው ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈጠራው የእርሱ ብቻ ነው የሚለውን ያገኘነው በዋናነት ከራሱ ብዕር ነው፤ ይህን መሰል አሰላለፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብዙ ሰው በየፊናው እየነካካው የሚያድግ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ቀደመ የሚለው አይደለም። ዘዴውን በጽሑፍ አስረድቶ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ሕጋዊነቱን ተከራክሮ ያቆመው እርሱ ነው፤ ባለቤትነቱም ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

በ1888 ጆ ዋርብሪክ የተባለው የማኦሪ ተጫዋች ቡድን አሰባስቦ ወደ ብሪታንያ ለመጓዝ ተነሣ፤ ኤሊሰንም ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። ከ26ቱ ተጫዋቾች አምስቱ የዋርብሪክ ወንድማማቾች ነበሩ። አብዛኞቹ ማኦሪ ናቸው፤ ጥቂት ነጮች ስለተጨመሩ ግን ቡድኑ የኒውዚላንድ ተወላጆች በሚል ስም ተጠራ። ጉዞው በግለሰቦች ገንዘብ የተደራጀ ስለነበር ወጪውን መሸፈን የሚቻለው በመግቢያ ክፍያ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ቡድኑ ለማመን በሚያስቸግር ብዛት ተጫወተ። በብሪታንያና በአየርላንድ ብቻ ከኦክቶበር 1888 እስከ ማርች 1889 ድረስ 74 ጨዋታ አድርጎ 49 አሸነፈ፣ 5 አቻ ወጣ፣ 20 ተሸነፈ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ በክረምት፣ በጭቃ ላይ፣ ከባቡር ወርዶ ወደ ሜዳ። በአገር ቤትና በአውስትራሊያ ያደረጓቸው ሲደመሩ የራግቢ ጨዋታዎቹ 107 ደረሱ፤ 78ቱን አሸንፈዋል። አየርላንድን ደብሊን ላይ 13 ለ 4 ረቱ። በዌልስ ስዋንሲ ላይ 5 ለ 0 ተረቱ። በጥቁር ማሊያ ላይ የብር ፈርን ቅጠል አድርገው ወጡ፤ ሃካ የተባለውን የማኦሪ ጭፈራ በእንግሊዝ ሜዳ አሳዩ።

የብሪታንያ ጋዜጦች የጠበቁት ትርኢት ነበር። በደንብ እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ጨዋታውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ሲያገኙ ተገረሙ። ይህ መገረም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚናገረው በብላክሂዝ የሆነው ነው። እንግዳው ሃካ ሲያሳይ ተጨበጨበለት፤ ሕግ ጠቅሶ ሲከራከር ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። ቡድኑ አገሩ ሲመለስም ከእንግሊዙ ኅብረት ወግ ያለው ስንብት አልተደረገለትም። ከዚያ በኋላ የኒውዚላንድ ቡድን ብሪታንያን የረገጠው በ1905 ነው።

ስቶዳርትም ራሱ በዚያው በ1888 ከብሪታንያ ቡድን ጋር በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተጫውቶ ነበር። ያንንም ጉዞ ያዘጋጁት ትርፍ ፈላጊዎች ናቸው። የእንግሊዙ ኅብረት፣ ለልብስ ብሎ 15 ፓውንድ የተቀበለውን የሃሊፋክሱን ተጫዋች ጃክ ክላውስን ሙያተኛ ነው ብሎ አገደው፤ ያ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ በጉዞው አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ተመለሰ። የዘመኑ የአማተርነት ሕግ እንዲህ ነበር። በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው፦ ማንም በራግቢ ገንዘብ አይቀበል። በኑሮ ላይ ሲወርድ ግን የአክሲዮን ደላላውን አይነካም፤ ቅዳሜ ሥራ ሲቀር ደመወዙ የሚቆረጥበትን የማዕድን ሠራተኛ ግን ከሜዳ ያስወጣል። በ1893 የዮርክሺር ክለቦች ተጫዋች ለባከነበት የሥራ ሰዓት ካሳ ይከፈለው ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ 282 ለ 136 ወደቀ። ተቃውሞውን የመራው ያው ሮውላንድ ሂል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሃደርስፊልድ ላይ ተሰብስበው ተገነጠሉ፤ ራግቢ እስከ ዛሬ ለሁለት እንደተከፈለ ነው።

ኤሊሰን በዚህ ክርክር የቆመው ከሰሜኖቹ ጎን ነበር ማለት ይቻላል። ረጅም ጉዞ ለሚሄድ ተጫዋች የቀረበት ደመወዝ ሊካስለት ይገባል ብሎ ተከራክሯል። የአንድ ዓመት ኑሮውን ለ107 ጨዋታ የሰጠ ቡድን አባል ይህን ሲል ከልምድ ነው። ልብ የሚነካው ነገር፣ ክርክሩን ያቀረበው ጨዋታውን አጥብቆ ከሚወድ ሰው ልብ መሆኑ ነው፤ ኅብረቱን ለማፍረስ አልተነሣም፣ ከውስጡ ሆኖ ሕጉ እንዲሻሻል ጠየቀ። አልተሰማም።

የተሰማበት ጊዜም አለ። የኒውዚላንድ ራግቢ ኅብረት በ1892 ተመሠረተ። በ1893 ባደረገው ጠቅላላ ጉባኤ የብሔራዊ ቡድኑ ልብስ ጥቁር ማሊያ ከብር ፈርን ቅጠል ጋር እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ኤሊሰን ነው። ቁምጣው ያኔ ነጭ ነበር፤ ጥቁር የሆነው በኋላ ነው። ሐሳቡ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ኅብረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ ያቋቋመውን ቡድን በአምበልነት ይዞ ወደ አውስትራሊያ ሄደ። ስለዚህ ማሊያ ብዙ ሲጻፍ የቀለሙ ግርማና የንግድ ዋጋው ይነሣል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ጥቁሩና ፈርኑ የ1888ቱ ተወላጆች ልብስ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ለንደን ላይ ይቅርታ እንዲጠይቅ የተገደደው ቡድን አርማ በኤሊሰን ሐሳብ አቅራቢነት የአገሩ አርማ ሆነ። ይህን ሲያደርግ ምን በልቡ እንደነበረ የተናገረውን አላነበብኩምና ዓላማው ይህ ነበር አልልም። ውጤቱ ግን ይህ ነው።

በ1902 የራግቢ ጥበብ የሚል ርዕስ ያለውን መጽሐፉን ዌሊንግተን ላይ አሳተመ። መጽሐፉ የአሰላለፍና የአጨዋወት ትምህርት ነው፤ ስለ 1888ቱ ጉዞ የጻፈውም በውስጡ አለ። የብላክሂዝን ነገር በዚያ ሲያነሣ ከ13 ዓመት በኋላም አልቀዘቀዘም፤ ይግባኝ ያልተፈቀደለት ሰው በመጨረሻ ማመልከቻውን ያስገባ ይመስላል። ይህን መጽሐፍ እንደ ስፖርት መመሪያ ብቻ ማንበብ ይጎዳዋል። ከቅኝ ተገዢ ወገን የተወለደ ሰው የገዢውን ጨዋታ ሕግ ለራሱ ለገዢው ልጆች ሲያስተምር የምናየው በዚህ ነው። በ1905 በዴቭ ጋላሄር አምበልነት ወደ ብሪታንያ የሄደው የኒውዚላንድ ቡድን በሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት ስክረምና በዊንግ ፎርዋርድ ተጫውቶ ዓለምን አስደነቀ፤ ዊንግ ፎርዋርዱ ጋላሄር ራሱ ነበር፣ የብሪታንያ ጋዜጦችም አጭበርባሪ እያሉ ወረዱበት። ዘዴውን በመጽሐፍ ያስረዳው ሰው ግን ያን ቀን ለማየት አልታደለም።

በችሎቱ በኩል ነገሩ ይበልጥ ከባድ ነበር። ኤሊሰን ዌሊንግተን ውስጥ በጥብቅና ቤት እየሠራ ተምሮ በሕግ ሙያ ፈቃድ አገኘ፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ለመቆምም በቃ። የደቡብ ማኦሪን የፓርላማ መቀመጫ ለማግኘት ከአንድ ጊዜ በላይ ተወዳድሮ አልተሳካለትም። የንጋይ ታሁ መሪዎች ስለ መሬቱ ውል የሚያነሡት አቤቱታ የእርሱም ጉዳይ ነበር። የሜዳውን ሕግ ቀዳዳ በሰባትና በአንድ ሰው የደፈነው አእምሮ ይህኛውን ሊፈታው አልቻለም፤ ማንም ብቻውን ሊፈታው የሚችል አልነበረም። ዊንግ ፎርዋርዱ በጨዋታው ሕግ ዝምታ ላይ መቆም ችሎ ነበር። የ1848ቱ ሰነድ ዝምታ ግን ለአንዱ ወገን ብቻ የሚጠቅም ዝምታ ነበር።

የእነዚያ ክርክሮች ፍርድ የመጣው እርሱ በሌለበት ነው። ዊንግ ፎርዋርድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የስክረም ሕግ ተለውጦ ታገደ። የአማተርነት ሕግ በኦገስት 1995 ተሻረ፤ ለባከነ ሰዓት ካሳ የሚለው ጥያቄ መቶ ዓመት ጠብቆ ከተጠየቀው በላይ ተመለሰ። የንጋይ ታሁ አቤቱታ በ1998 በስምምነት ተዘጋ፤ የኒውዚላንድ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፣ 170 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላርም ከፈለ። የ1888ቱ ቡድንና ጆ ዋርብሪክ በ2008 በዓለም አቀፉ የራግቢ የክብር መዝገብ ገቡ።

ኤሊሰን በ1899 ኤቴል ሃውልን አገባ። ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ከሕፃንነት ያለፈው አንዱ ብቻ ነው። መጽሐፉን ባሳተመ በሁለተኛው ዓመት አእምሮው ታመመና ዌሊንግተን አጠገብ ወዳለው የፖሪሩዋ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። ስለ ሕመሙ የሚቀርቡ መላ ምቶችን እዚህ አልደግምም፤ ሰውን በሕመሙ መተርጎም የሥራውን ክብር ይቀንሳል። የ1888ቱ ቡድን መሪ ጆ ዋርብሪክ ቀድሞ በኦገስት 1903 ሮቶሩዋ አጠገብ በዋይማንጉ የፈላ ውኃ ፍንዳታ ሞቶ ነበር። ኤሊሰን ኦክቶበር 2 ቀን 1904 በፖሪሩዋ አረፈ። አርባ አልሞላውም። ጥቁሩን ማሊያ የለበሰው የጋላሄር ቡድን ወደ እንግሊዝ የተሣፈረው በሚቀጥለው ዓመት ነው።